ካብ ለካብ፦ እባብ፣ ኤሊና ሰው በደሴና በኮምቦልቻ

«እባብ ለእባብ ይተያያል ካብ ለካብ» የምንለው የተንኮለኞችን መግባባት ለመግለጽ ነው። ተረቱን ያወጡት ሰዎች ግን እባብ የት እንደሚውል ጠንቅቀው ያውቁ ነበር። በጭቃም በሲሚንቶም ያልተያያዘ የድንጋይ ካብ ቀን የጠጣውን ፀሐይ ማታ ቀስ እያለ ይለቀዋል። በድንጋዮቹ መካከል ያለው ክፍተት አይጥ ያሳድራል፤ አይጥ ባለበት እባብ ይመጣል። የደሴን ተዳፋት ሰፈሮች ወይም በኮምቦልቻ ዙሪያ በእርከን የተሠሩትን ማሳዎች ላየ ሰው፣ እንዲህ ያለ ካብ የሌለበት ቦታ ማግኘት እንደሚያስቸግር ግልጽ ነው። ካቡ እንደ ጥንቱ ነው፤ የተለወጠው ሰው ወደ ካቡ መጠጋቱ ነው። ደሴ ወደ ገደሉ እየወጣች፣ ኮምቦልቻም በተለይ እ.ኤ.አ. በ2017 ኢንዱስትሪ ፓርኩ ከተመረቀ ወዲህ ወደ እርሻው እየሰፋች ነው። ትናንት ማሳ የነበረው ዛሬ መኝታ ቤት ሲሆን፣ የማሳው ነዋሪዎች ወዲያው ለቀው አይሄዱም።

ሁለቱ ከተሞች የሚራራቁት 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆንም በከፍታ ግን ብዙ ይለያያሉ። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ስትሆን ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር አካባቢ ላይ ናት። በየ100 ሜትሩ ሙቀት በአማካይ 0.6 ዲግሪ ስለሚቀንስ፣ ከኮምቦልቻ ተነሥቶ የሐረጎን ዳገት ወጥቶ ደሴ የደረሰ ሰው 4 ዲግሪ ያህል ቀዝቅዞት ነው የሚገባው። ለሰው ይህ ጋቢ የመደረብና ያለመደረብ ጉዳይ ነው። የገላቸውን ሙቀት ከፀሐይና ከድንጋይ ለሚበደሩት ለእባብ፣ ለኤሊና ለእስስት ግን የመኖርና ያለመኖር ጉዳይ ይሆናል። ከዚህ በታች ያለውን ሁሉ የሚያያይዘውም ይኸው ሙቀት ነው።

የትኛው እባብ የት ነው?

በደጋው ቅዝቃዜ የሚኖሩት አብዛኞቹ እባቦች ትንንሾችና ሰውን የማይጎዱ ናቸው። ፕሴውዶቦዶን የሚባለው የእባብ ወገን በዓለም ላይ በኢትዮጵያና በኤርትራ ብቻ የሚገኝ ሲሆን፣ ከመካከሉ ጀርባው ላይ ሸንተረር ያለው ዝርያ የደጋ ነዋሪ ነው። ዱበርያ የሚባለው ትንሽ እባብ ደግሞ የሚበላው ቀንድ አውጣና ቅርፊት የሌለውን ዘመዱን ነው፤ ለጎመንና ለሰላጣ አትክልተኛ ከዚህ የተሻለ ዘበኛ የለም። እነዚህ እባቦች «እባብ ያየ በልጥ በረየ» በሚያሰኘው ድንጋጤ በየቀኑ በዱላ ያልቃሉ። ይህ ማለት ደጋ ላይ መርዛማ እባብ ፈጽሞ የለም ማለት አይደለም። በተለይ ፀሐያማ በሆኑ ድንጋያማ ተዳፋቶች ጥንቃቄ አይቀርም።

ወደ ኮምቦልቻ፣ ሐርቡና ከሚሴ ሲወረድ ግን ዋናው አሳሳቢ እባብ እፉኝት ነው። ወፍራም፣ አጭር፣ ብዙውን ጊዜ 1 ሜትር ገደማ የሚረዝም፣ ጀርባው ላይ ጫፋቸው ወደ ጭራው የሚያመለክት የ«ቪ» ቅርጽ ያላቸው ቡናማና ቢጫ መስመሮች ያሉት ነው። አደገኛ የሚያደርገው ከመርዙ እኩል ጠባዩ ነው። ሌላ እባብ የእግር ኮቴ ሲሰማ ይሸሻል፤ እፉኝት ግን ከአፈሩና ከደረቅ ቅጠሉ ጋር መመሳሰሉን ተማምኖ ባለበት ይተኛል። ስለዚህ ሰው አይቶት ሳይሆን ረግጦት ነው የሚነደፈው። ከባቲ ወደ አፋር የሚወርደው ደረቅ ቆላ ደግሞ ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ መርዝ ላለው፣ ሲቆጣ ቅርፊቱን እርስ በርሱ እያፋተገ ለሚንሾካሾከው ትንሽ እፉኝት የሚስማማ ምድር ነው።

ስለ እፉኝት የሚነገር አንድ የቆየ እምነት አለ፤ የእናቷን ሆድ ቀዳ ነው የምትወለደው ይባላል። እምነቱ የተነሣበት ነገር መሠረት አለው። አብዛኞቹ እባቦች እንቁላል ይጥላሉ፤ ይቺ ግን እንቁላሉን ሆዷ ውስጥ ይዛ ቆይታ ከ20 እስከ 40 የሚደርሱ ልጆችን በሕይወት ትወልዳለች። ያረገዘች እፉኝት በዱላ ስትገደል ከተቀደደው ሆዷ ግልገሎቹ እየተንቀሳቀሱ ሲወጡ ማየት ይቻላል። እናቲቱን የገደላት ዱላው ነው። ግልገሎቹ ከተወለዱባት ሰዓት ጀምሮ መርዝ ስላላቸው በእጅ የሚነኩ አይደሉም።

«ጭንቅላቱ ሦስት ማዕዘን ከሆነ መርዛማ ነው፤ ካልሆነ አይደለም» የሚለውን መለያ መጠቀም ይቅር። ለእፉኝት ይሠራል፤ ኮብራና ማምባ ግን ጭንቅላታቸው ጠባብ፣ የዓይናቸው ብሌንም ክብ ነው። በዚህ መለያ የሚመራ ሰው በጣም አደገኞቹን በእጁ ያነሣል።

ቤት ውስጥ የሚሠራው ሥራ

ፌጦ መበተን፣ ነጭ ሽንኩርት መውቀጥ፣ አሮጌ ጎማ ማጨስ በየሰፈሩ ይመከራል። እባብን እንደሚያባርሩ አስተማማኝ ማስረጃ የለም፤ የጎማ ጭስ ደግሞ የልጆችን ሳንባ ይጎዳል። የሚሠራው ሌላ ነው፤ አሰልቺ ግን ርካሽ ነው።

መጀመሪያ በሩ። የእርሳስ ውፍረት ባለው ቀዳዳ ግልገል እባብ ያልፋል። በበሩና በወለሉ መካከል ያለው ክፍተት ከግማሽ ሴንቲ ሜትር እንዳይበልጥ ከአሮጌ ጎማ ወይም ከወፍራም ሸራ የተቆረጠ ጥብጣብ በበሩ ታችኛ ጠርዝ ላይ በምስማር ይመታል። የመታጠቢያ ቤት የውሃ መውረጃ በወንፊት ሽቦ ይሸፈናል። ከዚያ ካቡ፦ ከቤቱ ጋር የተያያዘው ወይም በ5 ሜትር ርቀት ውስጥ ያለው የካብ ክፍል ስንጥቁ በጭቃ ወይም በሲሚንቶ ይመረግ። ሙሉውን ግቢ መመረግ አያስፈልግም፤ ራቅ ያለው ካብ ክፍት ሆኖ ቢቀር እባቡ ከቤት ይልቅ እዚያ ያድራል። የሚደግፈው አፈር ላለበት ካብ የውሃ ማስወጫ ቀዳዳ መተው ግድ ነው፤ አለዚያ ክረምት ላይ ውሃው ገፍቶ ይንደዋል። ቀዳዳው ላይ ወንፊት ሽቦ ማስገባት ይበቃል።

ማገዶና ኩበት ከመሬት 30 ሴንቲ ሜትር ከፍ ባለ አልጋ ላይ፣ ከቤቱ ግድግዳ ርቆ ይከመር። የማሽላ አገዳ ከመኝታ ቤት ግድግዳ ጋር አስጠግቶ ማቆም በቃሉ ወረዳ ገጠር የተለመደ ነው፤ ከዚህ ሁሉ አደገኛው ልማድ እሱ ነው። አገዳው ላይ የቀረው ፍሬ አይጥ ይጠራል፤ አገዳው ራሱ ይሞቃል፤ እባብ የሚፈልገው ሁለቱም በአንድ ቦታ ተሟላ ማለት ነው። እህል በማዳበሪያ ከረጢት ወለል ላይ ከማስቀመጥ ክዳን ባለው በርሜል ቢቀመጥ ይሻላል፤ የዶሮ መኖም ማታ ማታ ይነሣ።

መሬት ላይ የሚተኛ ሰው አጎበሩን ከፍራሹ ሥር አስገብቶ ዙሪያውን ይጠቅጥቅ። አጎበር ለወባ ብቻ የተሰጠ የሚመስላቸው አሉ፤ የዓለም ጤና ድርጅት ከእባብ መከላከያዎችም ይቆጥረዋል። ማታ ወደ መጸዳጃ ቤት የእጅ ባትሪ ወይም የስልክ መብራት ወደ እግር እያበሩ መሄድ፣ ጫማን ከማጥለቅ በፊት ገልብጦ ማራገፍ፣ በኅዳርና በታኅሣሥ ነዶ ሲሰበሰብ መጀመሪያ በመንሽ ማንቀሳቀስ፣ ለእርሻ ሥራ ኮንጎ ጫማ ሳይሆን ቁርጭምጭሚትን የሚሸፍን ቦቲ ማድረግ ያስፈልጋል። አብዛኛው ንድፊያ ከቁርጭምጭሚት በታች ስለሆነ ቦቲው ብቻ ብዙ ያድናል። በክረምት ቦርከና ሲሞላ የጉድጓድ እባቦች ወደ ደረቅ ከፍታ ስለሚወጡ ወንዙ ዳር ያሉ ቤቶች በሐምሌና በነሐሴ ጥንቃቄውን ይጨምሩ።

እባብ ቤት ከገባ ልጆችና ውሻ ይውጡ፤ የውስጥ በር ይዘጋ፤ የውጭው ይከፈት፤ አንድ ሰው ከ3 ሜትር ርቆ በዓይኑ ይከታተል። መንገድ ካገኘ አብዛኛውን ጊዜ ራሱ ይወጣል። ብዙ ሰው የሚነደፈው ለመግደል ወይም ለመያዝ ሲጠጋ ነው። የተገደለም ቢሆን በእጅ አይነሣ፤ የተቆረጠ ጭንቅላት ከተቆረጠ ከአንድ ሰዓት በኋላ እንኳ ሊነክስ ይችላል።

ከነደፈ በኋላ

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገምተው በየዓመቱ 5.4 ሚሊዮን ሰው በእባብ ይነደፋል፤ ከነዚህ መርዝ የሚገባባቸው ከ1.8 እስከ 2.7 ሚሊዮን ናቸው፤ ከ81,000 እስከ 138,000 የሚሆኑት ይሞታሉ። በነዚህ ቁጥሮች መካከል ያለውን ክፍተት ልብ ማለት ያስፈልጋል። ከተነደፈው ሰው ግማሽ ያህሉ ወይም ከዚያ በላይ መርዝ አልገባበትም፤ እባቡ መርዝ የለውም ወይም ነክሶ መርዙን አልረጨም። ይህ ሰው ቅጠል ቢጠጣም፣ ጥቁር ድንጋይ ቢለጠፍበትም፣ ምንም ባይደረግለትም ይድን ነበር። የዳነው ግን «ያ መድኃኒት አዳነኝ» ብሎ ይመሰክራል፤ መርዝ የገባበት ቀጣዩ ሰው ምስክርነቱን ሰምቶ እዚያው ሲቆይ ውድ ሰዓታት ያልፋሉ። መድኃኒት አዋቂው ሆነ ብሎ ያታልላል ማለት አይደለም። እሱም በዓይኑ ያየው የዳኑትን ነው።

ትክክለኛው እርዳታ እንዲህ ነው። ከእባቡ መራቅ። ቀለበት፣ አምባርና ጫማ እብጠት ሳይጀምር ማውለቅ። የተነደፈውን እግር ወይም እጅ እንደ ተሰበረ አጥንት በሁለት እንጨትና በሻሽ ደግፎ እንዳይንቀሳቀስ ማድረግ፤ ጣት በሻሹ ሥር መግባት መቻል አለበት። ታማሚው በእግሩ አይሂድ፤ ጡንቻ በተንቀሳቀሰ ቁጥር መርዙ ይሰራጫል። ባጃጅ ካለ በባጃጅ፣ ከሌለ በሞተር ብስክሌት ከፊት ነጂ፣ ከኋላ ደጋፊ፣ መሀል ታማሚ አድርጎ ይኬዳል። የሚያስታውከው ከሆነ በግራ ጎኑ ይተኛ። የተነደፈበትን ሰዓት መጻፍ፣ የእብጠቱን ጠርዝ በየግማሽ ሰዓቱ በእስክሪብቶ ቆዳው ላይ ማስመር ለሐኪሙ ከእባቡ ሬሳ የበለጠ ይጠቅማል።

የማይደረገው ደግሞ በገመድ ጠብቆ ማሰር፣ በምላጭ መብጣት፣ በአፍ መምጠጥ፣ በእሳት መተኮስ፣ አስፕሪን ወይም አይቡፕሮፌን መስጠት ነው። ማሰር በተለይ ለእፉኝት ንድፊያ ጥፋት ነው። የእፉኝት መርዝ ሥጋን የሚበላ ስለሆነ፣ ደም በተከለከለ እግር ውስጥ ታስሮ ሲቆይ እግሩ የሚቆረጥበት ዕድል ይጨምራል። ምላጩም ደም በማይረጋ ሰው ላይ የማይቆም መድማት ያመጣል። ለሕመሙ ፓራሲታሞል ይበቃል።

ጤና ተቋም ውስጥ መሣሪያ የማይፈልግ አንድ ምርመራ አለ። 2 ሚሊ ሊትር የደም ሥር ደም በንጹሕና ደረቅ የመስታወት ቱቦ ይቀዳና ሳይነካ 20 ደቂቃ ይቀመጣል፤ ከዚያ አንድ ጊዜ ይዘነበላል። ካልረጋና ከፈሰሰ መርዙ ደሙን አበላሽቶታል። ቱቦው ፕላስቲክ ከሆነ ወይም በሳሙና ታጥቦ በደንብ ካልተለቀለቀ ውጤቱ ያሳስታል፤ ጤነኛ ደምም ላይረጋ ይችላል። የዓይን ቆብ መውደቅ፣ ንግግር መጎተትና ምራቅ መዋጥ ማቃት ደግሞ ትንፋሽ ሊቆም መሆኑን የሚያስጠነቅቁ ምልክቶች ናቸው። አንቲቬኖም (ፀረ መርዝ መድኃኒት) የሚሰጠው፣ ከባድ አለርጂ ቢያስነሣ የሚወጋው አድሬናሊን በመርፌ ተቀድቶ ከተዘጋጀ በኋላ ነው፤ የአድሬናሊኑ መጠን ለአዋቂ 0.5 ሚሊ ግራም በጭን ጡንቻ። የሕፃን የአንቲቬኖም መጠን ከአዋቂው አይቀነስም፤ እባቡ ለሕፃን ብሎ መርዙን አልቀነሰምና።

ችግሩ መድኃኒቱ መደርደሪያ ላይ አለመገኘቱ ነው። አንቲቬኖም የሚሠራው ፈረስን በጥቂት በጥቂቱ በመርዝ እያለማመዱ ከደሙ በማውጣት ስለሆነ ውድ ነው። ከዚያም በላይ በተዘጋጀበት እባብ ላይ ብቻ ይሠራል፤ ለሕንድ እባቦች የተዘጋጀው የአፍሪካን እፉኝት መርዝ አያከሽፍም። ለአፍሪካ እባቦች ይታመን የነበረውን ፋቭ አፍሪክ የተባለ መድኃኒት ሳኖፊ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2014 ማምረት አቆመ፤ የመጨረሻዎቹ ብልቃጦችም በ2016 ጊዜያቸው አለፈ። የዓለም ጤና ድርጅት የእባብ ንድፊያን ችላ ከተባሉ የሐሩር ክልል በሽታዎች ዝርዝር ያስገባው እ.ኤ.አ. በ2017 ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2030 ሞትና የአካል ጉዳቱን በግማሽ ለመቀነስም ዕቅድ ተይዟል።

በወረዳ ደረጃ ግን እጥረቱን የሚያባብስ ሌላ ክብ አለ። የተነደፈ ሰው ጤና ጣቢያ ሳይመጣ ይቀራል፤ ስላልመጣ አይመዘገብም፤ ስላልተመዘገበ መድኃኒቱ አይጠየቅም፤ መድኃኒቱ ስለሌለ ቀጣዩም አይመጣም። ይህን ክብ ቀድሞ መስበር የሚችለው መዝገቡ ይመስለናል። መርዝ ያልገባበትም ቢሆን እያንዳንዱ ንድፊያ ከቀበሌው፣ ከቀኑና ከሰዓቱ ጋር ቢጻፍ፣ ከአንድ የመኸር ወቅት በኋላ መድኃኒቱ ከሐርቡ፣ ከኮምቦልቻ ወይስ ከደሴ ማቀዝቀዣ መቀመጥ እንዳለበት ይታወቃል። ፈሳሹ ዓይነት ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ስለሚፈልግ፣ መብራት ሲጠፋ የሚተካ ጄኔሬተር ያለበትን ተቋም መምረጥም ግድ ነው።

እባቡን መግደሉ ዋጋ ያስከፍላል። የማሳ አይጥ በአንድ ጊዜ 10 እና ከዚያ በላይ ልጅ ትወልዳለች፤ ልጆቹም በጥቂት ወራት ውስጥ ለመውለድ ይደርሳሉ። ድመት ጉድጓዱ አፍ ላይ ትጠብቃለች፤ እባብ ግን ገብቶ ዓይናቸውን ያልገለጡትን ይበላል። እባቦቹ ያለቁበት አካባቢ ወደ አይጥ መርዝ ይሄዳል፤ በመርዝ የተዳከመውን አይጥ የበሉ ጉጉትና ድመት ደግሞ ይሞታሉ። እስስትና እንሽላሊትም ከእባብ ጋር ተደምረው በድንጋይ ሲያልቁ ይታያል። በአፍሪካ በመርዙ ሰው የሚጎዳ እንሽላሊት የለም፤ እስስትም መርዝ የላትም።

ኤሊዋ ሐረጎን ስትወጣ

ከቆላ መጥታ ደሴ ግቢ ውስጥ የምትቀመጥ ኤሊ ችግሯ ከእባቡ የተገላቢጦሽ ነው፤ ሙቀቱን ትተን እንስሳዋን ብቻ ነው ያመጣነው። በስምጥ ሸለቆ የሚኖረው፣ ጀርባው እንደ ነብር ቆዳ የተዥጎረጎረው የየብስ ኤሊ ቀን ከ28 እስከ 35 ዲግሪ ይፈልጋል። የደሴ የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊት ከ10 ዲግሪ በታች ሲወርድ ሆዷ ይቆማል፤ የበላችው ሣር ሳይፈጭ ውስጧ ይቦካል። ዝም ስትል ሰው «ተኝታለች» ይላል። የዚህ ዓይነት ኤሊ ክረምትን በእንቅልፍ አያሳልፍም፤ እየታመመች ነው። አፍንጫዋ ላይ አረፋ መታየት፣ አንገቷን ዘርግታ በአፏ መተንፈስ የሳንባ ምች ምልክት ነው።

የዱር እንስሳ ያለፈቃድ መያዝ በ1999 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 541 የተከለከለ ነው፤ የአፍሪካ የየብስ ኤሊዎችም ዓለም አቀፍ ንግዳቸው ሳይቲስ በተባለው ስምምነት ቁጥጥር ሥር ነው። ስለዚህ ከመንገድ ዳር ኤሊ አይገዛ። የገዛ ሰው አንዷን ያዳነ ይመስለዋል፤ ለሻጩ ግን የቀጣዩዋን ዋጋ ከፍሏል። አስቀድማ እጅ የገባች ካለች ለዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሙያዎች እስክትደርስ በሕይወት ማቆየት ይቻላል።

ለሌሊት 1 ሜትር በ1 ሜትር የሆነ የእንጨት ሳጥን ይበቃል። ክር ያለው የ60 ወይም የ100 ዋት አምፖል በሽቦ ወንፊት ተከልሎ ከጀርባዋ 40 ሴንቲ ሜትር ከፍ ብሎ ይሰቀል። ገለባ ከአምፖሉ ሥር አይነጠፍ፤ እሳት ያስነሣል። ቁጠባ አምፖል ያበራል እንጂ አያሞቅም። መብራት ሲጠፋ ባለ5 ሊትር ጄሪካን ሙቅ ውሃ ሞልቶ በብርድ ልብስ ጠቅልሎ ከጎኗ ማስቀመጥ ሌሊቱን ያሻግራል። ቀን ቀጥተኛ ፀሐይ ያስፈልጋታል። በመስኮት መስታወት ያለፈ ፀሐይ ያሞቃል፤ አጥንት የሚያጠነክረውን ጨረር ግን መስታወቱ ያስቀረዋል። ያለዚያ ጨረር ካልሲየም አይዋሃዳትም፤ ቅርፊቷ በጣት ሲጫኑት እስኪረግብ ይለሰልሳል። ከፀሐዩ ጎን ጥላ ይኑር፤ መሸሸጊያ የሌላት ኤሊ በቀትር ትሞታለች።

ምግቧ እንጀራ፣ ዳቦና ሥጋ አይደለም። ሰርዶና ማገጥ ዋናው ነው፤ ቆስጣ ካልሲየምን የሚይዝ ንጥረ ነገር ስላለው ጥቂት ብቻ። እሾሁ የተላጠ የበለስ ቅጠል በጣም ጥሩ ነው። በለሱም «ቁልቋል» ሲባል ስለሚሰማ ስሙ እንዳያሳስት ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ ነጭ ወተት የሚያወጡት ቁልቋልና ለአጥር የሚተከለው ቅንጭብ መርዝ ናቸው። የእንቁላል ቅርፊት 10 ደቂቃ ተቀቅሎ፣ ደርቆና ተወቅጦ በሳምንት ሁለት ጊዜ አንድ ቁንጥር ምግቧ ላይ ይነስነስ። በሳምንት አንድ ወይም ሁለት ጊዜ አገጯን የማያልፍ ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ለ20 ደቂቃ ትቀመጥ፤ የምትጠጣውም ያኔ ነው። ለማሰር ብሎ ቅርፊቷን መብሳት ሕያው አጥንት መብሳት ነው፤ ደምም ነርቭም አለበት። ጤነኛ የምትመስል ኤሊ ሳልሞኔላ የተባለውን ተቅማጥ የሚያመጣ ባክቴሪያ ልትይዝ ስለምትችል የነካ ሁሉ እጁን በሳሙና ይታጠብ፤ ከ5 ዓመት በታች ያሉ ልጆች ባይነኳት ይሻላል።

ኤሊ ሁሉ የውሃ እንስሳ እየመሰላቸው በርኅራኄ ቦርከና ወይም ሐይቅ ወስደው የሚለቁ አሉ። ከመልቀቅ በፊት እግሯን ማየት ነው። ጣቶቹ በስስ ቆዳ የተያያዙ፣ ጠፍጣፋ እግር ያላት የውሃ ኤሊ ናት። እግሯ እንደ ዝሆን ድፍን ዓምድ ከሆነ ግን የየብስ ኤሊ ናት፤ በወጉ መዋኘት አትችልም፤ ጥልቅ ውሃ ውስጥ ከገባች ልትሰጥም ትችላለች።